አልያዝ ያለውን የሴል ሲግናሊንግ ፍላሽ ካርድ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ሴል ሲግናሊንግን፣ ማለትም ሴሎች መልእክት የሚቀበሉበትንና የሚያስተላልፉበትን መንገድ፣ ሳጠና «ጂ ፕሮቲን (ከተቀባይ የመጣን መልእክት ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) እንዴት ይሠራል?» የሚል ካርድ ነበረኝ። ጀርባው ላይ ግማሽ ገጽ ጽፌበታለሁ። ባየሁት ቁጥር «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። ሞዴል ፈተና ላይ ሲመጣ ግን ድርቅ አልኩ። እንዲህ ያለ ካርድ ካላችሁ፣ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ካርዱን መጠገን ይሻላል።

መጀመሪያ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተሳሳታችሁባቸውን ብቻ ለዩ። ደህና የሚሄደውን አትነካኩት።

ቀጥሎ መልእክቱ የሚያልፍበትን ረጅም ሰንሰለት በጥሱት። አንድ ካርድ፣ አንድ እርምጃ። «አዴኒሊል ሳይክሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከኤቲፒ ምን ይሠራል?» መልሱ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው፤ በሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ሞለኪውል። ሌላው ካርድ «ሳይክሊክ ኤኤምፒ የትኛውን ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ይቀሰቅሳል?» ይበል። ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ፣ አለቀ። ሙሉውን ሰንሰለት ባዶ ወረቀት ላይ ሳሉት የሚል አንድ ካርድ ግን አቆዩ፤ አለዚያ ቁርጥራጩን ይዛችሁ መንገዱ ይጠፋችኋል።

ዋናው ሥራ የሚመሳሰሉትን መለየት ነው። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። አድሬናሊንን ውሰዱ። ሆርሞኑ ያው አንድ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው የሚያርፍበት ተቀባይ፣ ማለትም መልእክቱን የሚቀበለው የሴሉ ፕሮቲን፣ ነው። ቤታ በሚባለው ተቀባይ ላይ ካረፈ በጂ ኤስ (በሚያነቃቃው ጂ ፕሮቲን) በኩል ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይጨምራል። አልፋ 2 ላይ ካረፈ በጂ አይ (በሚገታው ጂ ፕሮቲን) በኩል ይቀንሰዋል። አልፋ 1 ላይ ከሆነ ደግሞ ጂ ኪው የሚባለው ጂ ፕሮቲን ፎስፎላይፔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ያስነሳል፣ በመጨረሻም በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። ሦስቱን ለየብቻ ካርድ አድርጉና «አድሬናሊን ምን ያደርጋል?» ብሎ በደፈናው የሚጠይቀውን ካርድ አውጥታችሁ ጣሉት።

ከዚያ «ቢበላሽስ?» የሚሉ ካርዶች ጨምሩ። እኔ በጣም የምወዳቸው እነዚህን ነው። የኮሌራ መርዝ ጂ ኤስን እንደበራ ያስቀረዋል። በአንጀት ሴሎች ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ክሎራይድ ይወጣል፣ ውሃም ይከተለዋል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የትክትክ መርዝ በበኩሉ ጂ አይን ያሰናክላል፤ ፍሬን እንደ መበጠስ ነው። በሁለቱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል፣ መንገዳቸው ግን ይለያያል። ካርዱ ላይ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ይጨምራል» ብቻ ብሎ ማለፍ አይቆጠርም።

ተቀባዩ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቁ ካርዶች ብዙ አያስቸግሩም። ኢንሱሊን የሴሉን ሽፋን ስለማያልፍ ተቀባዩ ሽፋኑ ላይ ነው፤ እንደ ኮርቲሶል ያሉ ስቴሮይዶች ሽፋኑን ስለሚያልፉ ዋናው ተቀባያቸው ሴሉ ውስጥ ነው። ምክንያቱን ከመልሱ ጋር በአንድ መስመር ጻፉት።

አዲሶቹን ካርዶች በማግስቱ ሞክሯቸው፣ መልሱንም ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። ከዐሥር ሰከንድ በላይ ከፈጀባችሁ ካርዱ አሁንም ሁለት ጥያቄ ተሸክሟል ማለት ነው፤ እንደገና ክፈሉት። አሮጌውን ደግሞ ሰርዙት። እኔ ያንን ግማሽ ገጽ ካርድ ለመሰረዝ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ብዙ ስለደከምኩበት አሳዝኖኝ ነበር።