ከአሜሪካ ጡረታ ይዘው ጎጃም ለገቡ ሰዎች ታክስ ስትሠሩ፦ ሮልኦቨርና አስቸጋሪ ደንበኛ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት ሠርተው የገቡ፣ ዕድሜያቸውን አሜሪካ በሥራ ያሳለፉ ሰዎች ታክሳቸውን እዚሁ በሚቀርባቸው ሰው ማሠራት ይፈልጋሉ። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር፣ ገቢው ከየትም ይምጣ፣ ፎርም 1040 በተባለው ዓመታዊ የታክስ ማስታወቂያ ያሳውቃል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ደግሞ የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ የ401ኬ (በአሠሪ በኩል የተጠራቀመ ጡረታ) ወይም የአይአርኤ (በግል የተከፈተ የጡረታ ሒሳብ) ገንዘባቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ጣጣው እናንተ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ገንዘቡን ከአንድ የጡረታ ሒሳብ ወደ ሌላ ማዛወር ሮልኦቨር ይባላል። በክፍያ የምትሠሩ ከሆነ ፒቲን የተባለውን የአዘጋጅ መለያ ቁጥር ሳታወጡ አትጀምሩ፤ በምትሠሩት ፎርም ሁሉ ላይም ፈርሙ።

አስቸጋሪ የሚባለው ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ የመጣ ደንበኛ ነው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ለግንበኛ ተከፍሏል፣ ቀኑ አልፏል፤ እናንተ ደግሞ እንድታስተካክሉለት ይጠብቃል። ታክስ ሠርታችሁ ስታስረክቡ በየዓመቱ አንድ ነገር አስይዟቸው፦ «ከጡረታ ሒሳብዎ አንድም ዶላር ከማንቀሳቀስዎ በፊት ይደውሉልኝ።» ይህን በአማርኛ ጽፋችሁ ከፎርሙ ቅጂ ጋር አያይዙት። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ቼኩ በማን ስም ይጻፍ?

ከቀድሞ አሠሪ 401ኬ ወደ አይአርኤ ገንዘብ የሚዛወርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ቀጥታ ሮልኦቨር ነው፤ ገንዘቡ ከላኪው ድርጅት ወደ ተቀባዩ ድርጅት ይሄዳል፣ ደንበኛው እጅ አይገባም፣ ምንም አይቀነስበትም። ሁለተኛው ገንዘቡ ለደንበኛው ተከፍሎ እሱ ራሱ በ60 ቀን ውስጥ መልሶ የሚያስገባበት ነው። በዚህኛው ላኪው ድርጅት ለታክስ 20 በመቶ የመቀነስ ግዴታ አለበት፤ ደንበኛው «አልፈልግም» ማለት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ቼኩ በፖስታ ወደ ራሱ አድራሻ ሲመጣ ነው። ፖስታው የማን አድራሻ እንደሄደ ሳይሆን ቼኩ ላይ ለማን ይከፈል እንደተባለ ተመልከቱ። የተቀባዩ ድርጅት ስም ቀድሞ፣ ቀጥሎ «ኤፍቢኦ» የሚሉት ሦስት ፊደላት፣ ከዚያ የደንበኛው ስም ካለ «ለእገሌ ጥቅም» ማለት ነውና ቀጥታ ሮልኦቨር ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሙ ቤት ቢደርስም ችግር የለውም፤ ወንድምየው ለተቀባዩ ድርጅት ያስተላልፈው። የደንበኛው ስም ብቻ ከተጻፈ ግን ቀኑ መቆጠር ጀምሯል።

ስሌቱን በቁጥር አሳዩአቸው። 50,000 ዶላር ያወጣ ሰው 40,000 ይደርሰዋል። «ሃምሳ ሺህ ነበር፤ አሥሯን ማን በላት?» ይላሉ። መልሱ፦ «አልጠፋችም ጋሼ፤ በስምዎ ቀብድ ተይዛለች፣ ፎርሙ ሲሞላ ትታሰብልዎታለች።» ቀጥሎ ያለው ነው የሚከብደው። ሙሉውን ከታክስ ለማዳን በ60 ቀን ውስጥ 50,000 ማስገባት አለባቸው፤ ስለዚህ የጎደለችውን 10,000 ከሌላ ኪስ ማምጣት ግድ ነው። 40,000 ብቻ ካስገቡ 10,000ው እንደ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ ዕድሜያቸው ከ59 ዓመት ተኩል በታች ከሆነና ሌላ ነጻ የሚያደርግ ምክንያት ከሌለ ደግሞ 1,000 ዶላር ቅጣት ይጨመርበታል።

ከአይአርኤ ወደ አይአርኤ በራስ እጅ የሚደረግ የ60 ቀን ዝውውር በ12 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ሰውየው ሦስት አይአርኤ ቢኖረው ሦስቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ የሚሄደው ግን በዚህ ገደብ ውስጥ አይገባም።

ስልሳ ቀን በእኛ አቆጣጠር

ደንበኞቻችሁ ቀኑን የሚያስታውሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ይህ ለሥራው የሚመች ነገር አለው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ 60 ቀን ማለት በሁለተኛው ወር ያው ቀን ነው። ገንዘቡ ጥቅምት 5 ከደረሰ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 5 ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ጳጉሜን መሐል ስትገባ ነው። ሐምሌ 20 የደረሰ ገንዘብ እስከ መስከረም 20 ጊዜ ያለው ይመስላል፤ የጳጉሜን 5 ቀኖች ሲቆጠሩ ግን ቀኑ የሚያልቀው መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 14። ለማንኛውም ገንዘቡ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ እንዲገባ አድርጉ። ቼኩ አሜሪካ ዘመድ ቤት ከደረሰ ቀኑን ከዚያ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ደንበኛው ባሕር ዳር ሆኖ ከሰማበት ቀን አትጀምሩ።

የአሜሪካ የታክስ ዓመት በዲሴምበር 31 ሲዘጋ በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከነበረች 21። ኤፕሪል 15 ሁልጊዜ ሚያዝያ 7 ላይ ይውላል። ነዋሪነታቸውና ሥራቸው ከአሜሪካ ውጭ ለሆነ ሰዎች ማስገቢያው በራሱ ወደ ሰኔ 8 ይራዘማል፤ የሚከፈል ታክስ ካለ ግን ወለዱ ከሚያዝያ 7 ጀምሮ ይቆጠራል።

የልደት ዓመትን ለብቻው አጣሩ። «በ1952 ነው የተወለድኩት» ያለ ሰው በአሜሪካ 1959ም 1960ም ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1959 የተወለደ ሰው ከጡረታ ሒሳቡ በየዓመቱ ማውጣት ያለበትን ግዴታ ክፍያ በ73 ዓመቱ ይጀምራል፤ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ በ75። ድንበሩ የእኛን 1952 ለሁለት ይከፍለዋል፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 1952 ማለት ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነው። በስደት የገቡ ብዙዎች ደግሞ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። እናት የነገሩትን ቀን ሳይሆን ፓስፖርቱና የሶሻል ሴኩሪቲው መዝገብ ላይ ያለውን ያዙ።

ግዴታ የሆነው ክፍያ ሮልኦቨር አይደረግም። ግዴታው ያለበት ሰው ሒሳቡን ሲያዛውር የዚያን ዓመት ክፍያ መጀመሪያ ያውጣ፣ የቀረው ይዛወር። ሳያወጣ ካመለጠው ቅጣቱ ባልወጣው ገንዘብ 25 በመቶ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካስተካከለ 10 በመቶ ይሆናል፤ በፎርም 5329 ይሠራል።

ወደ አይአርኤ ሳይዛወር የሚሻልበት ጊዜ

በ55 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ የለቀቀ ሰው ከዚያው አሠሪ 401ኬ ያለ 10 በመቶ ቅጣት ማውጣት ይችላል። ወደ አይአርኤ ካዛወረው ግን ይህን መብት ያጣል፤ 59 ተኩል መጠበቅ አለበት። በ56 ዓመቱ ለቆ ቤት ለመጨረስ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ከማዛወሩ በፊት የሚያስፈልገውን እዚያው ይተው። በጣም የሚያሳዝነው ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንዴ ከተዛወረ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

አገር ከመግባታቸው በፊት የሚያልቅ ሥራም አለ። የማረጋገጫ ቁጥር ወደ አሜሪካ ስልካቸው ነው የሚላከው፤ ቁጥሩ ከተዘጋ ሒሳባቸው ውስጥ መግባት ይቸገራሉ። የውጭ አድራሻ ሲሰጣቸው አገልግሎት የሚገድቡ ድርጅቶች አሉ። ከአይአርኤ ሲወጣ ለታክስ የሚቀነሰውን 10 በመቶ ደንበኛው መተው ይችላል፤ ክፍያው ከአሜሪካ ውጭ የሚላክ ከሆነ ግን አይችልም። ባሕር ዳር ባንክ ያስገቡት ገንዘብ ደግሞ፣ ውጭ አገር ያላቸው ሒሳብ ሁሉ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ኤፍባር በተባለው የውጭ ሒሳብ ማሳወቂያ ይታወቃል።

ፎርሙ ላይ

1099-አር (ከጡረታ ሒሳብ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየው የላኪው ድርጅት ወረቀት) ሲመጣ መጀመሪያ ሣጥን 7ን እዩ። «ጂ» ቀጥታ ሮልኦቨር፣ «1» ያለ ዕድሜ የወጣ፣ «7» ዕድሜው ደርሶ የወጣ ነው። በ60 ቀን የተመለሰ ገንዘብ ላይ «ጂ» አይጻፍም፤ ላኪው ድርጅት መመለሱን አያውቅም። ያንን የምታሳዩት እናንተ ናችሁ፦ ጠቅላላውን በ1040 መስመር 5ሀ (በእንግሊዝኛው ኤ)፣ ታክስ የሚከፈልበትን ቀሪ በ5ለ (ቢ)፣ ሮልኦቨር መሆኑንም እዚያው አመልክቱ። የአይአርኤው በመስመር 4 ነው። በሣጥን 4 ያለውን ተቀናሽ በ25ለ ማስገባት አትርሱ፤ ያቺ የጋሼ ቀብድ የምትመለሰው በዚያ ነው። ቀጥታ ሮልኦቨርም ታክስ ባይኖርበት ከፎርሙ አይቀርም።

ተቀባዩ ድርጅት ገንዘቡ መግባቱን የሚያረጋግጠው በፎርም 5498 ነው፤ ይህ ግን እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ ከደንበኛው ተቀብላችሁ ፋይል ውስጥ አኑሩ።

ቀኑ ካለፈ

ሁሉም በር አልተዘጋም። ቼኩ ጠፍቶ ሳይመነዘር ከቀረ፣ ድርጅቱ ወይም ፖስታ ቤት ከተሳሳተ፣ ደንበኛው ወይም ቤተሰቡ በጠና ከታመመ፣ የቤተሰብ ሞት ካጋጠመ፣ የውጭ አገር መንግሥት ገደብ ካገደው በራሱ ፊርማ ምክንያቱን ገልጾ ለተቀባዩ ድርጅት ደብዳቤ ሊያቀርብ ይችላል። ምክንያቱ በተወገደ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ይግባ። «ኢንተርኔት ተቋርጦብኝ» የሚለው በስሙ የተጠቀሰ ምክንያት አይደለም፤ «ለቤት ሥራ ፈለግኩት» ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም።

እምቢ የሚል ደንበኛ

«ዳላስ ያለው ጓደኛዬ ምንም አልከፈለም» ሲባል አትከራከሩ። 1099-አሩን አዙራችሁ ሣጥን 7ን በጣት አሳዩ፦ «የእርሳቸው ላይ ጂ ተጽፎ ይሆናል፤ የእርስዎ ላይ ያለው 1 ነው።» ሰው በቃል የማይቀበለውን በወረቀት ይቀበላል። ትልቅ ሰውን በልጆቹ ፊት «ተሳስተዋል» አትበሉ፤ ለብቻ አስቀምጣችሁ አስረዱ።

«ሮልኦቨር ነው ብለህ ጻፍልኝ» ካለና ካልሆነ እምቢ በሉ። መሠረት የሌለው አቋም የያዘ አዘጋጅ 1,000 ዶላር ወይም ከክፍያው ግማሽ፣ ከሁለቱ የበለጠውን ይቀጣል፤ ሆን ብሎ ካደረገው 5,000 ወይም 75 በመቶ። ባለፉት ዓመታት የተሳሳተ ፎርም ካገኛችሁም ስሕተቱንና የሚያስከትለውን ንገሩት፤ የነገራችሁበትን ቀን ጻፉ።

ሽማግሌ ሊልክ ይችላል። በክብር ተቀበሉ፣ ቡና አፍሉ፣ ስለ ገንዘቡ ግን አንድ ቃል አትናገሩ፤ የደንበኛን የታክስ መረጃ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለሌላ ማውጣት በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው። «የእርሳቸውን ገመና እኔ አልገልጥም፤ ራሳቸው ይምጡ» ማለት ሽማግሌም የሚያከብረው መልስ ነው። ልጃቸው ከሲያትል ደውሎ ቢጠይቅም እንዲሁ ነው።

የማይስማማ ከሆነ አሰናብቱት። ሒሳብ ባይከፍልም ታክሱን ለመሥራት የሚያስፈልገውን የራሱን ሰነድ ሁሉ መልሱለት፤ ቅጂውን አስቀሩ። በሚሰጠው ፖስታ ላይ ቼኩ የደረሰበትን ቀንና ስልሳው የሚያልቅበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት።