ሕመምተኛውን «ቻለው» ማለትና ሌሎች ስህተቶች

«ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፤ ወደ ቤት ውሰዱት» ሲባል ቤተሰብ ሕክምናው ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። በሽታው ባይድንም ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹ፣ የትንፋሽ ማጠሩና ጭንቀቱ ይታከማሉ፤ የማስታገሻ ሕክምና ሥራው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይህን ሕክምና ለመጨረሻዋ ሳምንት ማቆየት ነው። ከካንሰር መድኃኒቱ ከኬሞቴራፒውና ከጨረር ሕክምናው ጎን ለጎን መጀመር ይቻላል፤ ይገባልም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ከነበረባቸው ሰዎች መካከል የማስታገሻ ሕክምናውን ከጅምሩ ያገኙት የተሻለ ኑሮ እንደኖሩ፣ ዕድሜያቸውም እንደረዘመ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊንን፣ መፍራት ነው። «ሱስ ያስይዘዋል»፣ «ቶሎ ይገድለዋል» እየተባለ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ሐኪም ከትንሽ ጀምሮ እንደ ሕመሙ መጠን የሚጨምረው ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ እንዲህ ሲወሰድ ሱስ የሚይዘውም ሰው ጥቂት ነው። የሚጠጣው ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ እስኪመለስ መጠበቅ አይገባም፤ የተቀሰቀሰ ሕመም ለማብረድ ያስቸግራልና። ሆድ ስለሚያደርቅ፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አታቋርጡት።

እውነቱን መሸሸግም አለ። ክፉው ዜና ለቤተሰብ ይነገርና ታማሚው «ጨጓራ ነው» ይባላል። እርሱ ግን ከፊታችን ያነበዋል፤ ፍርሃቱንም ብቻውን ይሸከማል። ንስሐ መግባት፣ ከተጣላው መታረቅ፣ ስለ ልጆቹ አደራ ማለት የሚችልበት ጊዜ እንዲሁ ያልፋል። ሁሉም ሰው ሁሉን ማወቅ አይፈልግም፤ ስለዚህ «ምን ያህል እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያሉ ማስገደድ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሰውነት ምግብ መቀበል ሲያቆም ግን ያስመልሰዋል፣ ትን ይለዋል። አፉን በውኃ ማርጠብ፣ ከንፈሩን ቅባት መቀባት ይበልጥ ያሳርፈዋል።

ጸበሉንና ጸሎቱን የሚከለክል የለም፤ ስህተቱ መድኃኒቱን ማስቆሙ ነው።

አስታማሚዋም ትረሳለች። ተኝቶ የሚውልን ሰው ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የአንዲት ሴት ጉልበት ብቻ አይችለውም፤ ወንድሞችም ተራ ይግቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ታማሚን ቤቱ ድረስ ሄዶ በመርዳት ይታወቃል፤ ሕመሙ ሳይበረታ ጠይቁ።