ለሰሜን ተራሮች የራሳችሁን የዕፅዋትና የመንገድ መጽሐፍ እንዴት ትሠራላችሁ?

ስለ ሰሜን ተራሮች የተጻፉ የጉዞ መጽሐፎች አሉ። እኔ ያገላበጥኳቸው ግን ዕፅዋቱን በላቲን ስም ነው የሚዘረዝሩት። አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ያንን ስም አያውቀውም። መንገዱም ይለወጣል። የድሮ መጽሐፍ ግጭ ላይ መንደር አለ ይላችኋል፤ ነዋሪዎቹ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙና የራሳችሁን ሥሩ።

መጀመሪያ መንገዱን አጥብቡ። ተራራውን በሙሉ ልያዝ አትበሉ። ከሳንቃበር ግጭ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ለጀማሪ ይበቃል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ግጭ ደግሞ 3,600 አካባቢ። ደባርቅ ላይ ከፍላችሁ፣ ስካውት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። የመጽሐፋችሁ ግማሽ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፤ ቀስ ብላችሁ አውሩት።

ደብተሩን በፊደል ተራ ሳይሆን በከፍታ ክፈሉት። ሳንቃበር አካባቢ የምትሄዱት በአስታ ጫካ ውስጥ ነው። ከቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ወደ ግጭ ስትወጡ አስታው እያጠረ፣ እየሳሳ ይሄድና ሜዳውን ለጓሳ ሣርና ለጅብራ ይለቃል። ስሙን ባታውቁት እንኳ ያያችሁበትን ከፍታ ካወቃችሁ ገጹን አታጡትም። ኔትወርክ ባይኖርም የስልካችሁ ጂፒኤስ ከፍታውን ይነግራችኋል።

ከዚያ ለአንድ ተክል አንድ ገጽ ስጡ። ቅጠሉን ከላይም ከሥርም ፎቶ አንሱ። መጠኑን በጣትና በስንዝር ለኩ። አትቁረጡ፣ ፓርክ ነው። አስታና አምጃ ከሩቅ ያምታታሉ። ጠጋ ስትሉ የአስታ ቅጠል መርፌ ያህል ቀጭን ነው፤ አበባውም ነጭ፣ ደቃቅ፣ ደወል የመሰለ ነው። የአምጃ አበባ ግን ቢጫና ሰፋ ያለ ነው። ቅጠሉን ሳትቀነጥሱ በፀሐይ አንጻር እዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፉ ትንንሽ ጭረቶች አሉት።

ለጅብራ ሦስት ሥዕል ያስፈልጋል። «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ!» እየተባልን ያደግን ሰዎች ጅብራን በአካል ስናየው ትንሽ ያስቀናል እንጂ አያሳፍርም። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ዙሪያውን ዘርግቶ ይቆያል። ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል። አንዴ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ከሞተም በኋላ እንደተገተረ ነው። ቅጠል ብቻ ሳለ፣ ሲያብብና ደርቆ ሲቆም ለየብቻ ካልሳላችሁት ሦስት የተለያየ ተክል ይመስላችኋል።

ስም ስትጠይቁ «ይሄ ጦስኝ ነው አይደል?» አትበሉ። ሰዉ ይሉኝታ አለው፣ «አዎ» ይላችኋል። «ይቺን ምን ትሏታላችሁ? ምን ታደርጉባታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስካውቱ በጣቱ አሸት አድርጎ ካስሸተታችሁ፣ «ሻይ ውስጥ ነዋ!» ካላችሁ ጦስኝ መሆኑ ተረጋገጠ።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ጻፉት። አራት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይና አራት ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ ምን አገናኘው? ከሳንቃበር ስንት ሰዓት ተነሳችሁ? ጂንባር ወንዝ ስንት ሰዓት ደረሳችሁ? ጭቃው የቱ ጋ ነው? ገደሉ የሚጠጋው የቱ ጋ ነው? ሲመለሱ ቁልቁለቱ ዳገት ስለሚሆን የመልሱን ሰዓት ለብቻው መዝግቡ።

በእርሳስ ጻፉ። እኔ የመጀመሪያውን ደብተሬን በእስክርቢቶ ጽፌ ጉም ገባብኝ። ማታ ድንኳን ውስጥ ስገልጠው ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል።

በየገጹ ላይ ቀኑን አትርሱ። ጥቅምት ላይ ያበበ ሁሉ የካቲት ላይ አይጠብቃችሁም። ያው መንገድ በሌላ ወር ሌላ ነው።

ስትመለሱ ፎቶዎቹን ይዛችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ብሔራዊ ሄርባሪየም ጠይቁ። ደርቀው የተቀመጡ ናሙናዎች ስላሉ ማመሳከር ይቻላል። አንዳንዴ አንዱ የአማርኛ ስም ሁለት ዝርያ ይይዛል፤ ጦስኝ ራሱ እንደዚያ ነው። የላቲኑን ስም ስታገኙ ከሥር ጨምሩት። ስካውቱ የነገራችሁን ግን አትሰርዙ፤ እሱ ከላይ፣ በትልቁ ይቀመጥ።