ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ሰዓቱን እንዲህ አስሉት

ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከባሕር ዳር እስከ ቦሌ በአየር ቀጥታ ያለው ነው። መኪናው ግን በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ ዞሮ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን ስለሚወጣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሙሉ ቀን ያዙለት።

በረራው ትኬት ላይ 1 ሰዓት ገደማ ይላል። የቤት ለቤት ሒሳቡ ግን ሌላ ነው፦ 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ 1 ሰዓት በረራ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ የመኪና መጨናነቅ። ከ5 ሰዓት በታች አታስቡ።

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ 07:20 ካለ ጠዋት 1:20 ነው፤ 13:20 ካለ ከቀትር በኋላ 7:20። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሱ፤ ከ19:00 ጀምሮ ከሆነ 18 ቀንሱ። ከ07:00 በፊት ከሆነ፣ ለምሳሌ 01:30፣ 6 ደምሩ፤ ሌሊት 7:30 ይሆናል። በተለይ ለወላጆቻችሁ ትኬት ስትቆርጡ በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው።

ከዳንግላና ከእንጅባራ የሚነሳ ወደ ባሕር ዳር ተመልሶ ቢበር ያዋጣዋል፤ እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ለደብረ ማርቆስ ሰው ግን ባሕር ዳር መመለሱ ራሱ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ገደማ። ለበረራ ብሎ ወደ ኋላ መመለሱ ትርፍ የለውም።

ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚቀጥል ካለ፣ በተለይ ትኬቱ ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ፣ በዚያው ቀን የመጨረሻውን የአገር ውስጥ በረራ አይያዝ። ከተሰረዘ ወይም ከዘገየ ሁለተኛው ትኬት ሊቃጠል ይችላል።