ለቢሾፍቱ ሐይቆች ሌንስና መብራት አመራረጥ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ለሚኖር ፎቶ አንሺ፣ ለውሃ ውስጥ ሥራ የሚቀርበው ስፍራ የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። ይሁንና ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የውሃውን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። ሆራና ባቦጋያ በጥቃቅን አልጌዎች ስለሚሞሉ ውሃቸው አረንጓዴና እይታው አጭር ነው፤ ጥርት ላለ ሰማያዊ ባሕር የተሰጠ ምክር እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በእኔ እምነት እዚህ ሌንስ የሚመረጠው ሩቁን በማቅረብ ችሎታው ሳይሆን፣ ወደሚነሳው ነገር በጣም ለመጠጋት በማስቻሉ ነው፤ በካሜራውና በዓሣው መካከል ያለው ውሃ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራልና።

ዋናተኛን ወይም በውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድን ለማንሳት፣ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ላይ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ፊሽ አይ፣ ማለትም እጅግ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ተመራጭ ነው። ካሜራው በሚገባበት ውሃ የማያስገባ ሳጥን ላይ፣ ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው መስታወት ግን ጠፍጣፋ ሳይሆን ጉልላት ቅርጽ ያለው መሆን አለበት። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ነገሮችን በሩብ ያህል ቀርበው እንዲታዩ ያደርጋል፤ የሌንሱንም የእይታ ስፋት ያጠባል። ጉልላቱ ስፋቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የምስሉ ጠርዞች እንዳይደበዝዙ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ማጥበብ ያስፈልጋል። ለጥቃቅን ነገሮች ደግሞ ጠፍጣፋው መስታወት ይበቃል፤ ከማክሮ ሌንሶችም ከ100 ሚሊ ሜትር ይልቅ 60ውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ረጅሙ ሌንስ ፎቶ አንሺውን ወደ ኋላ አርቆ በመካከል ተጨማሪ ድፍርስ ውሃ ያስገባል።

የመብራት ነገር ከዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ውሃ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ያለ ፍላሽ የተነሳ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ምስል አረንጓዴ ብቻ ይሆናል፤ የጠፋውንም ቀለም በኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ መመለስ አይቻልም። ሆኖም ብዙዎች የሚሳሳቱት በፍላሹ ጉልበት ሳይሆን በአቀማመጡ ነው። ከሌንሱ አጠገብ የተገጠመ ፍላሽ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ አብርቶ ምስሉን በነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ በክረምት ጠዋት በሱሉልታ ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ብቻ እንደሚያየው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ኃይለኛ ፍላሽ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ፍላሾችን ከረጃጅም ክንዶች ጋር መግዛት ይሻላል። ክንዶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግተው፣ ፍላሾቹ ከመስታወቱ ትንሽ ወደ ኋላ ሆነው በመጠኑ ወደ ውጭ ሲዞሩ፣ የሚነሳውን ነገር የሚነካው የብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ስለሚሆን ብናኙ በጨለማ ይቀራል። የማያቋርጥ የቪዲዮ መብራት ለፎከስ ይረዳል፤ የሚንቀሳቀስን ዓሣ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ግን የፍላሽን ቅጽበታዊ ብልጭታ አይተካም።

ወደ ሐይቁ ከመሄድ በፊት የካሜራውን ሳጥን በቤት መፈተን ይገባል። ኦሪንጉን (ውሃ እንዳይገባ ሳጥኑን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) ከፀጉርና ከአሸዋ አጽድቶ፣ አምራቹ ያዘዘውን ግራሶ በስሱ ቀብቶ፣ ካሜራ ሳይገባ በውስጡ ደረቅ ሶፍት አስቀምጦ በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ በክብደት ተጭኖ ማሳደር ነው። ሶፍቱ ጠዋት ጥቂት እንኳ ከረጠበ ኦሪንጉ መቀየር አለበት፤ ካሜራውም ሳጥኑ እንደገና ተፈትኖ ደረቅ እስኪወጣ ድረስ ወደ ውሃ አይገባም።