ሄዶ የነበረ የዶናት ብራንድ ሲመለስ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ድርጅቱ ከነበርኩበት አገር ጠቅልሎ ሲወጣ የመጨረሻዋን የዶናት ትሪ ከሱቅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከ9 ዓመት በኋላ ሲመለስ የመጀመሪያዋን ትሪ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ያኔ የሌሊት ጠባሽ ነበርኩ፤ ሲመለስ የኦፕሬሽን ኃላፊ። ስሙን አልጠራም፣ እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ።

ይሄን የምጽፈው አንድ ቀን እንዲህ ያለ ስልክ ለሚደወልላችሁ ነው። የውጭ የቡናና የዶናት ብራንድ ድሮ ገብቶ፣ ሳይሳካለት ወጥቶ፣ አሁን ልመለስ ይላል። አጋር ይፈልጋል። ገንዘቡ፣ ኪራዩና ሠራተኛው ከእናንተ፤ ስሙና የአሠራር መመሪያው ከእሱ። ስላይዱ ያምራል። መሀል ላይ «ሕዝቡ አሁንም ይናፍቀናል» የሚል ገጽ አለ። እዚያ ገጽ ላይ አስቁሟቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ወጣችሁ?

የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን። «የገበያው ሁኔታ አልፈቀደም» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ምንም አልነገሯችሁም። በምትኩ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጠይቁ። የእያንዳንዱ ሱቅ አድራሻ፣ ዶናቱ ተጠብሶ ለሱቆቹ ከሚከፋፈልበት ኪችን ያለው ርቀት፣ ኪራዩ፣ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ከዚያ የተዘጉበትን ቅደም ተከተል አንብቡ። ኪራያቸው የከበደው ቀድመው ከሄዱ ችግሩ የቦታ አመራረጥ ነበር። ሁሉም ባንድ ወር ከተዘጉ ብዙ ጊዜ የአገሩ አጋር ገንዘብ አልቆበታል ወይም ከዋናው ድርጅት ጋር ተጣልቷል። ከኪችኑ የራቁት ቀድመው ከወደቁ ደግሞ ዶናቱ እየደረቀ ነበር የሚደርሰው።

የእኛ ሦስተኛው ነበር። ቀድመው የተዘጉት የከተማው ዳር ያሉት ሁለት ሱቆች ናቸው። ዋናው ቢሮ የጻፈው ሪፖርት «ጣዕሙ ከአካባቢው ደንበኛ ጋር አልተስማማም» ይላል። ጣዕሙ ምንም አልነበረውም! እኔ ጠብሼ ስልከው ለስላሳ ነበር። እዚያ ሲደርስ 5 ሰዓት አልፎታል። አንድ ቀን ከመኪናው ጋር ሄጄ በላሁት። የስኳር ልባሱ ላብ አልቦት ከካርቶኑ ክዳን ጋር ተጣብቋል፣ ዶናቱ ራሱ እንደ ትናንት ዳቦ ነው። ደንበኛው ምን ያድርግ?

በጣም በፍጥነት መክፈትም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። የአሜሪካው የቡና ቤት ሰንሰለት ስታርባክስ አውስትራሊያ የገባው በ2000 ነው። በ2008 ከ84 ሱቆቹ 61ዱን ባንድ ጊዜ ዘጋ። አውስትራሊያውያን ቡና የማይወዱ ሆነው አይደለም፤ የተገላቢጦሽ ነው። በየሰፈሩ ጥሩ ኤስፕሬሶ የሚሠራ ሰው ስለነበራቸው እንግዳውን የሚመርጡበት ምክንያት አልነበራቸውም። የቀሩትን ሱቆች በ2014 እዚያው አገር ሰቨን ኢለቨን የሚባሉትን ትናንሽ ሱቆች ያኔ ያስተዳድር የነበረው ቤተሰብ ወሰዳቸው፤ ቀስ ብሎም ማስፋፋት ጀመረ። የእናንተ ሠንጠረዥ ላይም ሱቆቹ በምን ፍጥነት እንደተከፈቱ እዩ።

ትዝታውን በገንዘብ አትገምቱት

የአሜሪካው ደንኪን ዶናትስ ከእንግሊዝ የወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የተመለሰው በታኅሣሥ 2013፣ ሰሜን ምዕራብ ለንደን ሃሮው ላይ። በመሀሉ ምን እንደሆነ አስቡት። ስታርባክስ በ1998 ገባ። ሌላው የዶናት ብራንድ ክሪስፒ ክሪም በ2003 ሃሮድስ የተባለው ትልቅ መደብር ውስጥ ከፈተ። የእንግሊዙ ቡና ቤት ኮስታ በየመንገዱ በዛ። ሲወጣ የተወለደ ልጅ ሲመለስ ጎረምሳ ሆኖ ጠበቀው፣ ለዚያውም የሌላ ብራንድ ካርድ ኪሱ ይዞ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ አልጠበቀም።

ስለዚህ ትዝታ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለመለካት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። እኛ ሁለት ጠዋት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመን 80 ሰው ጠየቅን። ከ35 ዓመት በላይ የሆኑት ብዙዎቹ ስሙን ያውቁታል። ምን ትዝ ይላችኋል ስንል ካርቶኑን አሉ። አንዲት ሴት የካርቶኑን ክዳን ሽታ ሳይቀር ነገረችን። ቡናውን ያስታወሰ አንድ ሰው የለም። ስንት ብትገዙት ደስ ይላችኋል ስንል ደግሞ የነገሩን ዋጋ የዛሬ 9 ዓመቱን ነበር። ናፍቆት ከነድሮ ዋጋው ነው የሚመጣው፤ የሽያጭ ትንበያችሁን በእሱ ላይ አትሥሩ።

ስሙ አሁንም የእነሱ ነው?

ይሄኛው አጭር ነው፤ ግን የሚዘለል አይደለም። የንግድ ምልክት ካልተጠቀሙበት ይሞታል። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ 5 ዓመት በተከታታይ ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነትም አገሮች ቢያንስ 3 ዓመት እንዲጠብቁ ብቻ ነው የሚያስገድደው። ዘጠኝ ዓመት የጠፋ ብራንድ ስሙን አንድ ሰው አስመዝግቦት ቢያገኘው አይገርምም። በርገር ኪንግ አውስትራሊያ ሲገባ ስሙ አስቀድሞ በአንድ የአደሌድ ሱቅ ተይዞ ስለነበር እስከ ዛሬ ሃንግሪ ጃክስ እየተባለ ነው የሚሸጠው። የንግድ ምልክት ጠበቃ ቅጠሩ፤ ከውል ጠበቃው በፊት።

የድሮው የምግብ አሠራር ዛሬ ያስቀጣ ይሆናል

ሲመለሱ ያንኑ የድሮ መመሪያ ይዘው ነው የሚመጡት። የእኛ ፎልደር ጥቁር ነበር፤ ማዕዘኖቹ የእኔው የድሮ ዘይት አለባቸው። ደስ አለኝ። ደስታዬ የጥበሻ ዘይቱ ገጽ ላይ ስደርስ አለቀ።

የድሮ ዶናት የሚጠበሰው በከፊል ሃይድሮጅን በተጨመረበት የአትክልት ስብ ነበር። ትራንስ ፋት የሚባለው ለልብ ጎጂ የሆነው ስብ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ዴንማርክ በ2003 ገደብ አበጀችለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 አገሮች ሁሉ እንዲያስወግዱት ጥሪ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ 2 ግራም ብቻ ነው የሚፈቅደው። ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም በ2022 እዚያው ከምግብ ታግዷል። ነጩን ክሬምና ባለቀለም ፍርፋሪውን አስቡ።

«ታዲያ ዘይቱን እንቀይራለን» ትላላችሁ። እኛም ያልነው ይሄንኑ ነው። ፈሳሽ ዘይት ሞላንና ጠበስን። መልኩ ወርቅ ነው፤ ሁላችንም ፎቶ አነሳን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ልባሱ ከዶናቱ ላይ እየተንሸራተተ ትሪው ላይ ኩሬ ሠራ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድሮው ስብ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ረግቶም የዶናቱን ቆዳ ያደርቀዋል፤ ልባሱ የሚይዘው ለዚያ ነው። ፈሳሽ ዘይት ግን ቢቀዘቅዝም ፈሳሽ ነው። ዶናቱ እጅ ያቆሽሻል፣ ስኳሩም ይቀልጣል። የሚረጋ የፓልም ዘይት አግኝተን ልክ እስክናመጣው 3 ሳምንት ፈጀ። እነዚያ 3 ሳምንታት ፕላኑ ላይ አልነበሩም። በእናንተ ፕላን ላይ ይኑሩ።

ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። ሱቅ ከመፈለጋችሁ በፊት ኪችን ፈልጉ። ብዙዎች በተቃራኒው ያደርጉታል፤ መጀመሪያ የሚያምር ጥግ ይከራያሉ፣ ከዚያ ዶናቱ ከየት ይምጣ ብለው ያስባሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል እንበል። ዶናቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መደርደሪያው ላይ መሆን አለበት። መኪናው ሦስት ሱቅ ለማዳረስ አንድ ሰዓት ከፈጀበት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ማቡካት፣ ማሳረፍ፣ መቁረጥ፣ ሙቅና እርጥብ ካቢኔ ውስጥ ማስነሳት፣ 190 ዲግሪ አካባቢ ዘይት ውስጥ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ገደማ መጥበስ፣ ገና ሙቅ ሳለ ልባሱን ማልበስ፣ ማቀዝቀዝ፣ ማሸግ። ይሄ ሁሉ ለእኛ 3 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሊጥ የሚቦካው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሠራተኛ አላችሁ? ትራንስፖርቱስ? እኛ ጠባሽ ያጣነው በደመወዝ ሳይሆን በታክሲ ምክንያት ነበር።

እንግዲህ ካርታ አውጡና ከኪችኑ በንጋት መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቀውን ሁሉ ሰርዙ። ቦታው የቱንም ያህል ቢያምር። በረዶ ሆኖ የሚመጣ፣ ሱቅ ውስጥ የሚቀልጥ ዶናት መጠቀምም ይቻላል፤ ብዙ ሰንሰለቶች ይጠቀማሉ፣ ነውርም የለውም። ነውሩ እሱን እያቀለጡ በር ላይ «ዛሬ ጠዋት የተጠበሰ» ብሎ መለጠፍ ነው። ሰው ምላስ አለው።

ዶናቱ ይጠራል፣ ቡናው ይከፍላል

ዶናት በሳምንት አንዴ ነው፤ ቡና በየቀኑ። ደንኪን በ2019 መጀመሪያ «ዶናትስ» የሚለውን ቃል ከስሙ ያወጣው ወዶ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሽያጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መጠጥ ነበር። ስለዚህ ቡናችሁን ከዶናቱ አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ የምትሞክሩትም በራሳችሁ የቧንቧ ውሃ ይሁን። ለተጣራ ቡና የተለመደው መነሻ በአንድ ሊትር 55 ግራም፣ ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጠኑ ልክ ሆኖ ጣዕሙ አፈር አፈር ካለ ውሃውን ጠርጥሩ። የእኛ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነበር፤ ማጣሪያ እስክናስገባ ድረስ ፍሬውን ስንወቅስ ከረምን።

ከኤስፕሬሶ ቤቶቹ ጋር በጣዕም ውድድር አትግቡ። በእነሱ ሜዳ ነው የምትጫወቱት። እናንተ በፍጥነት ነው የምታሸንፉት። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከትዕዛዝ እስከ እጅ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በስልካችሁ ያዙ። ከ3 ደቂቃ ካለፈ ችግሩ ባሪስታው ላይ ሳይሆን ካውንተሩ አቀማመጥ ላይ ሊሆን ይችላል። እኛ የክዳኑን መደርደሪያ በአንድ ክንድ ብቻ አቀረብነው፣ በእያንዳንዱ ኩባያ ሴኮንዶች ቀነሰልን።

ውሉ ላይ

ሮያሊቲ፣ ማለትም በስሙ ለመጠቀም ለብራንዱ የምትከፍሉት፣ የሚቆረጠው ከሽያጭ ነው፤ ከትርፍ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ደንኪን 5.9 ከመቶ ሮያሊቲና 5 ከመቶ የማስታወቂያ መዋጮ ያስከፍላል፤ ወደ 11 ከመቶ ነው። ብትከስሩም ትከፍላላችሁ። ይሄን ግን ብዙም ልትቀንሱት አትችሉም፤ ጉልበታችሁን አታባክኑ።

ጉልበታችሁን የመክፈቻ መርሐ ግብሩ ላይ አውሉት። «በ5 ዓመት 50 ሱቅ» የሚል ነገር ይኖራል። ያንን በዓመት ሳይሆን በኪችን አስቀይሩት። አንድ ኪችን አቅሙን እስኪሞላ ሁለተኛ ኪችን የለም፤ ሁለተኛ ኪችን ከሌለ ሌላ ሰፈር የለም። ክሪስፒ ክሪም አውስትራሊያ ውስጥ ተስፋፍቶ ተስፋፍቶ በ2010 ዕዳው ከብዶት በገለልተኛ አስተዳዳሪ ሥር ገባ፣ ሱቆችም ዘጋ። የዳነው አነስ ብሎ ነው፤ ዶናቱም ሰቨን ኢለቨን መደርደሪያ ላይ ገባ። የራስ ሱቅ ያልሆነ መደርደሪያም እንደ ሱቅ እንዲቆጠርላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ። እኛ አላስጻፍንም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመክፈቻው ቀን

ሰልፍ ይኖራል። የዓመት ነጻ ዶናት ሽልማት ካለ ሌሊቱን የሚያድርም ይኖራል። ጋዜጠኛ ይመጣል። እኛ ጋ ሰልፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ነበር፤ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ዶናት አልቆብን በር ዘጋን። አለቃዬ እንባ አቅርሮ አቀፈኝ፣ ወዲያውም ለሁለተኛ ሱቅ ቀብድ ልክፈል አለ። ለምኜ አስቆምኩት።

እስከ 9ኛው ሳምንት ጠብቁ። ለዚያውም ቅዳሜን ሳይሆን ማክሰኞን እዩ፤ ማክሰኞ ማንም ለፎቶ አይመጣም። ማታ የሚጣለውን ዶናት በዓይነት እየለያችሁ በእጅ ቁጠሩ፤ ማሽኑ የተሸጠውን እንጂ የተጣለውን አያውቅም። የእኛ ማክሰኞ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት 212 ደረሰኝ ነበረው፤ 140ዎቹ ቡና ብቻ የገዙ ነበሩ። ማታ የተጣለው 31 ዶናት ሲሆን 19ኙ ማንም ያልወደደው ባለነጭ ክሬሙ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ ላክሁለት። «አሁንስ የት ልክፈል?» ብሎ መለሰ። ከኪችኑ 20 ደቂቃ የሚርቅ፣ ብዙም የማያምር ጥግ አሳየሁት።