ስኩተር ወይስ ሞተር ሳይክል? ለሽርሽር ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያ ሞተሬን የገዛሁት በፎቶ ተታልዬ ነው። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ሲነሳ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ከኋላው ተራራ፣ ከፊቱ ባዶ መንገድ ነበረው። የእኔ ቅዳሜ ግን እንደዚያ አይደለም። ጓደኛ ጋ ጎራ እላለሁ፣ ትንሽ ዞር ዞር እላለሁ፣ ከምሳ በፊት ቤት እገባለሁ። ለዚህች ጉዞ 220 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከበር እየገፉ ማውጣት ቶሎ ሰለቸኝ። የእኔ ሞተር አቧራ ሲለብስ ጎረቤቴ በስኩተሩ በየሳምንቱ ውልቅ ይላል። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።

አሁን "የቱን ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። መልሴ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚሳሳትባቸው ነገሮች ይጀምራል። ግማሾቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ለፎቶው መግዛት

ወረቀት አውጡና ያለፉትን አራት ቅዳሜዎች ጻፉ። የት ሄዳችሁ? ስንት ኪሎ ሜትር? መንገዱ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? ከማን ጋር? ምን ተሸክማችሁ? መልሱ "ከተማ ውስጥ፣ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር፣ በየመሃሉ እየቆምኩ" ከሆነ ስኩተር ለዚሁ የተሠራ ነው። ከመቀመጫው ሥር ቦርሳ ይገባል፣ የፊት መከለያው ጭቃና ንፋስ ከእግር ላይ ይመልሳል፣ የትም ቦታ ይቆማል። መልሱ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጠጠር፣ ሙሉ ቀን ከሆነ ደግሞ ሞተር ሳይክል። "አንድ ቀን አገር አቋርጣለሁ" የሚለውን ሐሳብ አትግደሉት። ግን ለዚያ አንድ ቀን ብላችሁ የቀሩትን 51 ቅዳሜዎች አታስቸግሯቸው።

ስኩተርን እንደ መጫወቻ ማየት

ይሄ ንቀት ታሪኩን ካለማወቅ ይመጣል። ቬስፓ የተባለው ስኩተር እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወለድ የሠራው የጣሊያኑ ፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሟል። ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሄሊኮፕተር ሲነድፍ የኖረ መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ሳይክል ደግሞ አይወድም። ካቴናው ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ ሲፈነዳ መቀየር መከራ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ከኋላ ጎማ ጋር አያይዞ በቆርቆሮ ሸፈነው። ለእግር ወለል አበጀ። የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው፤ መፍታት ቀላል እንዲሆን። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ወገቡን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት አይጠይቅም።

ደግሞ ስኩተር ሁሉ ትንሽ አይደለም። የሱዙኪ በርግማን 650 ሁለት ሲሊንደር አለው፤ ነዳጅ ሲሞላ 270 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእኔ ጥቁር ሞተር አጠገቡ ቢቆም ቀጭን ይመስላል። በሁለቱ መሃል ያለም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚሠራው የሆንዳ ሱፐር ካብ እንደ ስኩተር እግር አሻግረው ይቀመጡበታል፣ ጎማው ግን የሞተር ሳይክል ያህል ትልቅ ነው። ማርሽ አለው፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው) የለውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ምርቱ 100 ሚሊዮን ደርሷል። "ወይ ይሄ ወይ ያ" ብላችሁ ራሳችሁን ከማስጨነቃችሁ በፊት ይህን ዓይነቱንም እዩት።

ሲሲ ብቻ መጠየቅ

"ስንት ሲሲ ነው?"፣ ማለትም የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት ስንት ነው፣ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። መጥፎ ጥያቄ አይደለም። 125 ሲሲ ስኩተር በግርድፉ ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ችግሩ 80 ላይ ሆናችሁ ንፋስ ከፊት ሲመጣ፣ ወይም ዳገት ላይ ሰው ከኋላ ሲኖር የሚጨመር ጉልበት አለመኖሩ ነው። ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ የምትወጡ ከሆነ ይሄ ያስፈራል። መንጃ ፈቃዱንም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ኤ1 የሚባለው ፈቃድ ከ125 ሲሲና ከ11 ኪሎ ዋት በላይ አያስነዳም።

እኔ ግን ከሲሲ በፊት የምጠይቀው ሁለት ነገር አለ፦ ክብደቱ ስንት ነው? እግሬስ መሬት ይነካል? እዚህ ላይ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ስኩተር ሁሌ ዝቅ ያለ ይመስለዋል። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ 690 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ የሆንዳ ፒሲኤክስ ስኩተር ግን 764። ትልቁ ሞተር ከትንሹ ስኩተር ያጥራል! በዚያ ላይ የስኩተር መቀመጫ ሰፊ ስለሆነ ጭን ይከፍታል፣ እግር ወደ መሬት ቀጥ ብሎ አይወርድም። ስለዚህ ወረቀቱን ትታችሁ ተቀመጡበት። የምትጫሙትን ጫማ አድርጋችሁ።

ጎማውን ዘሎ ማለፍ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የብዙ ስኩተር ጎማ ከ10 እስከ 14 ኢንች ነው። የመንገድ ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ 17፣ ለጠጠርና ለአፈር የተሠራው ደግሞ ከፊት 19 ወይም 21። ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ጉድጓድ ስታገኙ ግን ትልቁ ጎማ ከላይ ተንከባሎ ያልፋል፣ ትንሹ ይገባበታል። ሲገባ መሪው በእጃችሁ ላይ ይናጣል።

ሌላም አለ። በአብዛኞቹ ስኩተሮች ሞተሩ ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ያ ሁሉ ክብደት ከጎማው ጋር ሲዘል ምቱ ወገብ ድረስ ይደርሳል። ሞተር ሳይክል ላይ እግራችሁ መርገጫ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ስታዩ ትንሽ ብድግ ብላችሁ ጉልበታችሁን እንደ ሞላ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ሰልባትዮውንም (የነዳጅ ታንኩን) በጉልበታችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ። ስኩተር ላይ እንደ ወንበር ነው የምትቀመጡት፣ ምቱን የሚቀበለው ጀርባ ነው። በተቃራኒው ጠባብ ቦታ ላይ ትንሿ ጎማ ቶሎ ትዞራለች፤ መኪና በተጨናነቀበት ደስ ትላለች። ወዳጄ፣ መንገዳችሁ ጉድጓድ ከበዛበት ግን ውበቱ አያድናችሁም።

"ማርሽ ከሌለው ቀላል ነው" ማለት

ቀላልስ ነው። ሁለት ፑሌጃ ላይ የተጠመጠመ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) አለ፤ ፍጥነት ሲጨምር አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ማርሹ ራሱን ይቀያይራል። እናንተ ነዳጅ መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ እንዲይዛችሁ ማድረግ አትችሉም። በጣም ስትዘገዩ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቅቃል፣ ስኩተሩ ነጻ ሆኖ ይንከባለላል። ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ይግላል።

ከዚህም የባሰው የግራ እጅ ነገር ነው። በሞተር ሳይክል ላይ የግራው መያዣ ፍሪሲዮን ነው። በስኩተር ላይ የኋላ ፍሬን። የጎረቤቴን ስኩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስይዝ መብራት ላይ ለመቆም፣ ከልምድ፣ ግራ እጄን እስከ መጨረሻው ጨመቅኩ። የኋላ ጎማው ተቆልፎ ጮኸ፣ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አልወደቅኩም፣ ግን ላቤ ወጣ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገሩ ከሆነ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ተለማመዱ።

ጥገናውን ረስቶ መግዛት

ካቴና ያለው ሞተር በየ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትሩ መጽዳትና መቀባት ይፈልጋል። እጅ ይቆሽሻል። የስኩተር ቺንጋ ተሸፍኖ ስለሚሠራ ማንም አያስታውሰውም፤ መመሪያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ካለፈ ግን አንድ ቀን ይበጠስና ባለበት ያቆማችኋል። ያገለገለ ስትገዙ "ቺንጋው መቼ ተቀየረ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ጭንቅላቱን ካከከ፣ አልተቀየረም። ጎማውም ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው።

ገንዘቡን ሁሉ ብረቱ ላይ መጨረስ

ሞተር የገዛ ሰው ጃኬትና ጓንት ይገዛል፣ ስኩተር የገዛ በነጠላ ጫማ ይወጣል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አስፋልቱ የጎማ ኢንች አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የ61 ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ ሄልሜቱን፣ ጓንቱንና ጠንካራ ጫማውን ከሒሳቡ አስቀድማችሁ ቀንሱ፣ በተረፈው ብረቱን ምረጡ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለውን ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት።

ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው አለመጠየቅ

ሁለት ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ ግዢው የሁለት ሰው ነው። እኔ ጥቁሩን ሞተር ስገዛ ባለቤቴን ከኋላ አላስቀመጥኳትም። መቀመጫው የመዳፍ ያህል ነበር፣ ጉልበቷ ጆሮዋ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለተኛውን ስመርጥ ሁለቱንም ዓይነት ለአንድ አንድ ሙሉ ቀን ተከራየን፤ ሱቅ በር ላይ አሥር ደቂቃ መዞር ምንም አያሳይም። ከሰዓት በኋላ ስኩተሩ ላይ ስትወጣ መቀመጫውን አንስታ ቦርሳዋን ከተተች፣ ከደነችው፣ ተቀመጠች። "የት ነው የምንሄደው?" አለችኝ። በዚያ ትልቁ ሞተር ጊዜ ጥያቄዋ "መቼ ነው የምንመለሰው?" ነበር።